ባሮ ዳር የወደቀች ጉርሻ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራበት ከትልልቅ በዓልና ከሐዘን በቀር ዘግቼው አላውቅም። ዘንድሮ ግን በበዓለ ሃምሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ቆልፌው ጠፋሁ። ስመለስ ደንበኞቼ "ምነው፣ ታመሽ ነው?" ሲሉኝ "ጋምቤላ ሽርሽር ሄጄ ነው" አልኳቸው፤ አንዳቸውም አላመኑኝም። እውነታቸውን ነው። እኔና ሽርሽር አንተዋወቅም። ቁጭ ማለት የማልችል ሴት ነኝ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተነስቼ ሰሃን አጥባለሁ። እንግዲህ እናንተ ጋምቤላን ያላያችሁ፣ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ላውራላችሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ መቅደስ የምትባል። ነርስ ናት። የምትሠራው ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከፋሲካ በፊት ደወለችና "እማ፣ ላገባ ነው" አለችኝ። ማንን? ጋትሉዋክ የሚባል የኑዌር ልጅ፣ እዚያው ጀዊ የውኃ ፓምፕ ቴክኒሻን። አባቷ በሕይወት የለም፤ ሽማግሌ ቢላክ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው፣ እሺም እምቢም የምለው እኔ ነኝ። "ሽማግሌ ከመላኩ በፊት መጥተሽ እዪው። መኪና ይከራያል፣ እየዞረ አገሩን ያሳይሻል፣ እግረ መንገድሽንም ታርፊያለሽ" አለችኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ላርፍ አይደለም። እምቢ የምልበት ምክንያት ፍለጋ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ፣ አውቶቡስ ሁለት ሦስት ቀን የሚሄድበት አገር ቀልጣ ልትቀርብኝ ነው፤ ሆዴ እንዴት ይቻለው?

ቅዳሜ። ጎህ ሲቀድ ከደሴ መናኸሪያ ተነሳሁ። ብርዱ እንደ ልማዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ጋቢዬን ደርቤ ነው የወጣሁት። ሻንጣዬ ውስጥ ለመቅደስ ቋንጣ፣ ሽሮና በርበሬ አለ። በፌስታል ደግሞ ጎረቤቴ አቦቦ ለምትኖር እህቷ የላከችው እሽግ አለ። እህትየው ዘሀራ ይባላሉ፤ በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ሄደው እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። "አቦቦ ከጋምቤላ ቅርብ ነው አሉ፣ በአላህ አድርሽልኝ" ብላ እሽጉን እጄ ላይ ጣለችው። አዲስ አበባ እስክንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሦስት ጊዜ "ምነው እናቴ፣ ወንበሩ አልተመቸሽም?" አለኝ። ወንበሩ ምን አደረገ፣ የምገላበጠው እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ለምን እንደምሄድ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አንድ ነገር ልትል ነበር፣ ፊቴን አይታ "ሙቀቱ ግን!" ብላ አለፈችው።

እሑድ። አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። ከመስኮቱ ሳየው ተራራው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሜዳ ሆነና ቀረ። ጦሳ ተራራ ሥር ለተወለደ ሰው ይኼ ያስፈራል፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። በሩ ሲከፈት የምድጃዬ ክዳን የተነሳ መሰለኝ። ያን ጋቢ ትከሻዬ ላይ አድርጌ መውረዴ እስከ ዛሬ መቅደስን ያስቃታል።

ጋትሉዋክ ከመቅደስ ኋላ ቆሟል። ረጅም ነው ሲሉኝ እንደ እኛ አገር ረጅም መስሎኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ። እሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ እጄን ያዘና "ማዘር፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝ። አንቱ ማለቱን ገና አልለመደም፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤትና ገበያ ነው፣ ቃሉን እየመረጠ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። ሌላ ልጅ ቢሆን ጨዋ ነው እል ነበር። እሱን የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩት። አንድ፣ ብዬ በሆዴ ቆጠርኩ።

የተከራየው መኪና ኒውላንድ በሚባል ሰፈር የሚኖር ሰው ንብረት የሆነ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። የመስኮት ማንሻ እጀታ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ መስኮት መክፈት የፈለገ ሰው እጀታውን ይቀበልና ከፍቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ከፊት ለፊቴ ያለችው የዕቃ ሳጥን ደግሞ መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ክዳኗ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል። "ኖ ፕሮብሌም ማዘር፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለኝ። የእኔ ጉልበት ጤነኛ መሆኑን ማን ጠየቀ?

የመቅደስ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው መሀል ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ደሴ ማንጎ በኪሎ ተመዝኖ ነው የምናየው፤ እዚህ ቆርቆሮው ላይ ዷ! ብሎ ሲወድቅ ነው። ምሳ ቀርቦ "ና ቅረብ" ስለው ጋትሉዋክ ሻንጣዬን አስቀመጠና "በልቻለሁ ማዘር፣ መኪናውን ላሳጥብ" ብሎ ወጣ። መቅደስ "ተዪው እማ" አለችኝ። ተውኩት፣ ግን በሆዴ ያዝኩት። ሁለት።

ሰኞ። መቅደስን የመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ በማለዳ ወሰዳት። እኔ ሳይነጋ ለብሼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለእኔ ብሎ የሳምንት ፈቃድ የወሰደው ጋትሉዋክ ሲመጣ "ቁርስ?" አልኩት፤ "በልቻለሁ ማዘር።" ተነሳን። ገበያውን አየሁና "እንሂድ" አልኩ። ድልድዩን አየሁና "እንሂድ" አልኩ። ሰዎች ከነልብሳቸው ባሮ ውስጥ ይነከራሉ፣ ሴቶች ምንጣፍ ያጥባሉ፣ ወጣቶች ሞተር ብስክሌት ያጥባሉ፤ ይህን ሁሉ ከመኪና ሳልወርድ አየሁና "እንሂድ።" መጨረሻ ላይ ፈራ ተባ እያለ "ማዘር፣ መኪናውን እኮ ለሳምንት ነው የተከራየሁት። ለምን ትሮጫለሽ?" አለኝ። ጥፋትህን ፍለጋ ነው ልበለው?

ምሳ ባሮ ዳር ካለ ዓሣ ቤት አደረግን። አደረግን አልኩ እንዴ? አደረግሁ። ዛፍ ሥር ወንበር ደርድረዋል፤ ዓሣውን ሙሉውን ጠብሰው በሚያቃጥል ዳጣ ያቀርቡታል። ደሴ የምናውቀው የሐይቅን ዓሣ ነው፣ መዳፍ የምታክለውን። የዚህኛው ጭራ ከትሪው ወጥቶ ጠረጴዛውን ይነካል። ጋትሉዋክ ጥሩውን መርጦ አዘዘልኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ፣ ዝንቡን በካርቶን አባረረልኝ። ምግቡ ሲቀርብ ተነሳና ወንዙ ዳር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

እኔ ሃያ ዓመት ሰው ሳበላ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰውን የማውቀው ሲበላ ነው። ስስታሙን፣ የተጣላውን፣ ደመወዝ የዘገየበትን፣ ሁሉንም ከአበላሉ እለየዋለሁ። የማይበላን ሰው በምን ልወቀው? ደግሞስ ከእኔ ጋር ማዕድ የማይቆርስ ሰው ልጄን እንዴት ይወስዳል? ቢሆንም "አፍሮ ይሆናል፣ እኔ ትልቋ ልቅረበው" አልኩ። ዓሣውን ከእሾሁ ለቀምኩ፣ በእንጀራ ጠቀለልኩ፣ ዳጣ አስነካሁና እጄን ከሥሩ ደግፌ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። "በሞቴ፣ ጋትሉዋክ!" ብዬ ወደ አፉ ሰነዘርኩ።

እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ዘለለ። ጉርሻዋ መሬት ወደቀች።

"ይቅርታ ማዘር፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። አጠገባችን ይበሉ የነበሩ የአገሩ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ ለእኔ አፍረው ነው ብዬ የባሰ ተቃጠልኩ። ሰካራም እንኳ ጉርሻዬን መልሶብኝ አያውቅም! አንዲት ውሻ መጥታ በላቻት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የመጥበሻው ጭስ ነው ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ።

ማታ መቅደስ "ቀኑ እንዴት ነበር?" ስትለኝ "ጥሩ ነው" አልኳት። ምክንያቴን አግኝቻለሁ፣ ለምን ቶሎ አወጣዋለሁ? ጥርት ብሎ እስኪበስል እይዘዋለሁ አልኩ። ክፋቴን እዩልኝ።

ማክሰኞ። ጀዊን ካላየሁ ብዬ ያዝኩት። መጠለያው ያለ ፈቃድ አይገባም፤ መቅደስ እስክትወጣ መግቢያው ጋ ካለ ዛፍ ሥር ጠበቅናት። በነጭ ጋውኗ መጣች። የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ "ማሌ!" ይላታል፣ እሷም "ማሌ!" ብላ ትመልሳለች፤ ሰላምታቸው ነው። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አስቁማት በኑዌርኛ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ልጄ በዚያው ቋንቋ መለሰችላትና ሁለቱም ሳቁ። ደሴ እያለች እንዲህ ከልቧ ስትስቅ አይቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። ይኼ ልጅ ባይኖርም እንኳ ይኼ አገር ራሱ ሊወስድብኝ ነው አልኩ። "እንሂድ" አልኩት ጋትሉዋክን፣ ገና አምስት ደቂቃ ሳንቆይ።

ወዴት እንደሆነ ሳላውቅ በኢታንግ መንገድ ንዳ አልኩት። ነዳ። እኔ ከመንገድ ዳር ሴቶች የተቀቀለ በቆሎና ማንጎ እየገዛሁ እበላለሁ፤ ለእሱ ስሰጠው "ታንክ ዩ ማዘር" ብሎ ከመሪው ፊት ያስቀምጠዋል። እዚያው ፀሐይ ላይ ይበስላል። ከሰዓት በኋላ ጎማ ፈነዳ። እሱ ወርዶ ክሪክ ሲያስገባ እኔ "መፍቻው የት ነው?" ብዬ ያቺን የዕቃ ሳጥን እስከ ውስጧ በረበርኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ብስኩት! ሁለት ሙሉ ፓኬት፣ አንድ የተጀመረ፣ ከሥር ደግሞ ባዶ ላስቲክ። ለካ ጌታው እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ተደብቆ ይበላል! የእኔን ዓሣ እንደ መርዝ የሸሸ ሰው፣ የሱቅ ብስኩት በስርቆሽ ይቆረጥማል!

ሳጥኗን ድርግም አድርጌ ዘጋሁና ወረድኩ። ልናገረው ነበር፤ አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ጎማው ላይ ቁጭ ብሏል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኑን ለመያዝ ሦስቴ ሳተው። "ምነው?" አልኩት። "ሙቀቱ ነው ማዘር።" የዚህ አገር ልጅ ሙቀት ያንቀጠቅጠዋል? አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ ጎማውን ቀየረልን፤ ሳንቲም ልሰጠው ብል እጄን መለሰው። ጋትሉዋክ ቀስ ብሎ እየነዳ ከተማ አስገባን። ከንዴቴ ሥር ግን አንድ ሌላ ነገር መጥቶ ነበር። ልጁ ታሞ ይሆን እንዴ? ታሞስ ከሆነ ለልጄ ሊሰጣት ያሰበው በሽታውን ነው? ምክንያት ሲፈልጉ እንዲህ ነው፣ አያልቅም።

ረቡዕ። የአቦቦ መንገድ። ጎረቤቴ የሰጠችኝን አደራ ላድርስ፣ ከዚያ ማታ ለመቅደስ ፍርዴን ልንገራት ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። "ሽማግሌው አይምጣ" ነው የምላት። ቃሉን መኪናው ውስጥ በልቤ ስደጋግመው ሄድኩ። መንገዱ ጫካውንና ሣሩን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ዝንጀሮ ያቋርጣል፣ ኬላ ላይ ያስቆሙናል፣ ጋትሉዋክ ወርዶ ያስረዳል፣ እንደገና እንሄዳለን። ወደ ኬላው ሲራመድ ከኋላው ሳየው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሰፍቶታል። እሑድ እንዲህ ነበር እንዴ?

የወይዘሮ ዘሀራን ቤት ለማግኘት ብዙ አልተንከራተትንም፤ "ወሎዬዋ ዘሀራ" ስንል አንዲት የአኙዋክ ሴት መቅዘፊያዋን ይሁን መወቀጫዋን የያዘችውን ረጅም እንጨት አንስታ አመለከተችን። እትዬ ዘሀራ የበቆሎ ማሳቸው ዳር፣ ራሳቸው የተከሉት ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን አገር ስነግራቸው ተነስተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እሽጉን ሲፈቱት የገብስ ቆሎ ነው። እፍኝ ዘግነው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። "ገብስ እኮ እዚህ አይበቅልም፣ ወላሂ ሽታውን ረስቼው" አሉና ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

የበቆሎ እንጀራ በባሚያ ወጥ አቀረቡ። እጄን ስታጠብ ወደ መኪናው አዩ። ጋትሉዋክ ፀሐዩ ላይ፣ መኪናው ጥላ ሥር እንኳ ሳይጠጋ ቆሟል።

"ልጁን ጥሪዋ!"

"እሱ አይበላም" አልኩ።

"ታሟል?"

"ንቀት ነው እንጂ ምን ሕመም አለ!" ብዬ ዘረገፍኩት። መቅደስን፣ ሽማግሌውን፣ ባሮ ዳር የወደቀችውን ጉርሻ፣ ብስኩቱን፣ ሁሉንም። አራት ቀን የታመቀ ነገር ነውና እንባም አብሮት መጣ። ስጨርስ እትዬ ዘሀራ አብረውኝ ያለቅሳሉ ብዬ ቀና ስል፣ የቤቱን ምሰሶ ይዘው ይስቃሉ። ሻሻቸው እስኪወልቅ ይስቃሉ!

"አንቺ ሴትዮ፣ ለልጁ ምኑ ነሽ አልሽኝ?"

"የመቅደስ እናት ነኛ። ቢሆን ኖሮ አማቱ።"

"ያረቢ! አማቱ ፊት አፉን ከፍቶ እንዲያኝክ ፈልገሽ?" ምሰሶውን ለቀው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። "ስሚኝ እንግዲህ። ኑዌር የሚስቱ እናት ፊት እህል አይቀምስም። ቢሞት አይቀምስም። ሰው ፊት ልብሱን አውልቆ እንደመቆም ነው ለሱ። እየናቀሽ አይደለም፣ እያከበረሽ ነው። አንቺ ደግሞ ስንት ሰው ባለበት፣ በገዛ እጅሽ፣ አፉ ውስጥ ልትከቺበት!"

ባሮ ዳር ፊታቸውን ያዞሩት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ምድር አልተከፈተችልኝም እንጂ ብትከፈት እገባ ነበር።

"ታዲያ ምነው አይነግረኝም?"

"በምን አፉ? አማቱን ስለ መብላት ሊያወራት? እኔም እዚህ በመጣሁ ሰሞን ከአማቱ ጋር የመጣ የኑዌር እንግዳ አሳድሬ እንዲሁ ሆኖብኝ ሦስት ቀን አኩርፌያለሁ። ኋላ የገበያ ጓደኛዬ ነገረችኝ። ይልቅ አንቺ፣ ልጁ መቼ መቼ ከጎንሽ ይለያል?"

አሰብኩ። ከማለዳ እስከ ማታ። ምሳ ሰዓት ላይ ከእኔ ጋር፣ በመንገድ ላይ ከእኔ ጋር፣ መኪናው ውስጥ ከእኔ ጋር። ጥፋቱን ልይዝ ብዬ ለአፍታ ከዓይኔ አላራቅሁትም። ለካ እንደዚያ ስጠብቀው ጉሮሮውን ዘግቼ ነው የከረምኩት! ጎማው ላይ የተንቀጠቀጠው እጅ ረሃብ ነው። ብስኩቱም ቢሆን እኔ ሽንት ቤት ደርሼ እስክመለስ የምትዋጥ ነፍስ ማቆያ ናት። እኔ፣ ሰው ሳላበላ ውዬ የማላድረው ሴት፣ የሰው ልጅ በረሃብ ልፈጅ!

እትዬ ዘሀራ ትልቅ ሳህን ሞልተው በሰፌድ ከደኑና ከጎተራው ኋላ ይዘው ሄዱ። ሲጠሩት ሰማሁ። ተመልሰው መጥተው "ወደዚያ እንዳታዪ" አሉኝ። እንዳልዞር ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ምግብ ቀርቦለት የሚበላን ሰው ፊት ሳላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቂጤ እንደ እሳት ነደደኝ፤ ግን ተቀመጥኩ። "በቃው?" እላለሁ። "ጨው አላነሰውም?" እላለሁ። እትዬ ዘሀራ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ "ቻይው" ይሉኛል።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ነገሬ ሁሉ ተገለበጠ። ትንሽ እንደሄድን "አቁምልኝ፣ እግሬን ላፍታታ" እላለሁ። እትዬ ዘሀራ የሰጡኝን የተጠበሰ በቆሎ ወንበሬ ላይ ትቼ እወርድና ወደ ፊት እሄዳለሁ፣ ሳልዞር። እንደገና ትንሽ ሄደን "አቁምልኝ።" በሦስተኛው ከመንገድ ስመለስ የበቆሎው እሸት ግማሹ ባዶ ቆረቆንዳ ሆኗል፤ ጋትሉዋክ ደግሞ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት እያየ ከንፈሩን ነክሷል። ሳቁን ነው የነከሰው። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ማታ መቅደስን "ምነው አልነገርሽኝም?" ብዬ ጮህኩባት። "ኧረ እማ! በስልክ 'ምግብ ላይ ባህላቸው እንደኛ አይደለም' ስልሽ 'ሆዴን አታውኪው' ብለሽ ዘጋሽብኝ እኮ! እዚህ ከመጣሽ ደግሞ ቀኑ እንዴት ነበር ስልሽ ጥሩ ነው ትይኛለሽ።" ነጠላዬን ማጣጠፍ ያዝኩ። "እኔ ፊት ለመብላት እንኳ ዓመት ፈጅቶበታል" አለችና ጎኔ ተቀመጠች። "እማ፣ ሽማግሌውስ? ይምጣ?" አለችኝ። ፍርዴን ለመናገር የቆረጥኩት ለዚያች ማታ ነበር። "ልተኛ" አልኳት። አማት ሆኜ መከበር እወዳለሁ፤ ግን አንዲት ልጄን ከደሴ የሚያርቃት መንገድ እንዲሁ እንዳለ ነው፣ አላጠረም።

ሐሙስ። የመጨረሻው ቀን። ማለዳ መቅደስ ወደ ሥራ ስትሄድ ጋትሉዋክን "ዛሬ መኪና አልፈልግም፣ በስድስት ሰዓት ግን ና" አልኩት። አራት ቀን ስሮጥበት የከረምኩትን ከተማ ዛሬ ከግቢ ሳልወጣ ሰማሁት፤ የማንጎውን ዷዷ፣ የባጃጁን ጥሩንባ፣ የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ልምምድ። ከደሴ ያመጣሁትን ቋንጣ አወጣሁ። ሽንኩርቱን ቁሌቱ እስኪጠቁር ሳላጣድፍ አበሰልኩት፤ ምግብ ቤቴ ስምንት ጠረጴዛ ስለሚጠብቅ እንዲህ ታግሼ አብስዬ አላውቅም። እንጀራውን ፈትፍቼ ስጨርስ የሠራሁት ለአሥር ሰው የሚበቃ ነው።

በስድስት ሰዓት መጣ። በር ላይ ቆመ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። "ግባ" አልኩት። ገባ። "ተቀመጥ" አልኩት። ተቀመጠ። የቋንጣ ፍርፍሩን ሰሃን ሙሉ ፊቱ አስቀመጥኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከእሑድ ጀምሮ ዓይኑን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ ፈርቷል። እንደገና ላጎርሰው መስሎታል፣ ምስኪን።

እኛ አገር እንግዳን ብቻውን አቅርቦ ጥሎ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጀርባ መስጠት ምን ማለት እንደሆነም ታውቃላችሁ። እኔ ያን ቀን ለጋትሉዋክ ጀርባዬን ሰጠሁት። ወጣሁ፣ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ፣ ባዶ ጄሪካን ገልብጬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም ሳላውቅ እንዳይገባበት። የዛፉ ጥላ በዚያ በኩል ነው፤ እኔ ያለሁበት ፀሐይ ነው። ጆሮዬን ወደ በሩ ጣልኩ። ቆየ። ከዚያ ሰሃኑ ሲንኳኳ ሰማሁ። "በሞቴ ጨምር" ልል አፌ ላይ መጣብኝ፤ ዋጥኩት። ሰሃኑ እንደገና ተንኳኳ። የተራበ ሰው አበላል በጆሮም ይታወቃል ለካ! አይስገበገብም፤ ያኝካል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያኝካል። ጥሩ አበላል ነው። እግሬ ያለወትሮው ዝም ብሏል፤ ተነሺ ተነሺ አላለኝም።

መቅደስ አስፈቅዳ ቀድማ ወጥታ ኖሮ የግቢውን በር ከፍታ ገባች። ፀሐይ ላይ፣ ጄሪካን ላይ፣ ላቤ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ ስታየኝ ደነገጠች።

"እማ! ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው? ግቢ እንጂ ወደ ቤት!"

"ዝም በይ" አልኳት። "ልጄ እየበላ ነው።"